አንገቷን ሳታዩ አታስታርቁ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ይበርድልኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልበረደልኝም።

ልቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ንፍሮ እየዞረ ነው። አንድ በሰፈሩ የተከበሩ አባት ጎናቸው ወደተቀመጠው ሰው ዘንበል አሉና «ምን አድርጋው ይሆን?» አሉ። ልብ በሉ፣ የሞተችው እሷ ናት። የገደላት ባሏ ነው፤ እጁን ሰጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው። ልጆቿ እዚያው አክስታቸው ጉያ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ትንሿ የንፍሮውን ሽምብራ ከስንዴው እየለየች እጇ ላይ ትደረድራለች። እና የሚጠየቀው እናታቸው ምን እንዳደረገችው ነው። «ምን ማለትዎ ነው?» ያላቸው ሰው የለም።

እኚህ አባት ከጥቂት ሳምንታት በፊት አስታርቀው ወደ ቤቷ ከመለሷት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ልጆቿ ገና ያድጋሉ። እዚሁ እኛ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ባልየው ጨዋ ነው የሚባለው። ሰው ሲሞት ቀድሞ ደርሶ ድንኳን ይተክላል፤ ትልቅ ሰው ሲያይ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው ሰላም የሚለው። ማታ ማታ ግን ድምፅ ይሰማል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ታውቁታላችሁ፣ ሳል እንኳ አይደብቅም። እኛ ምን እናደርጋለን? ቴሌቪዥኑን ከፍ እናደርጋለን። የባልና ሚስት ነገር ነው፣ የሰው ገበና ነው፣ ምን አገባን።

አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ መጣች። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ እሷ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ድምፅዋ ሻክሯል። ቡናውን ስትውጥ ፊቷ ቅጭም ይላል። የአንድ ዐይኗ ነጩ ላይ ደም ቋጥሯል። «ጉንፋን ነው» አለች። ጤና አዳም ጨመርንላት። «እግዜር ይማርሽ» ተባለና ወሬው ወደ ዘይት ዋጋ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት የገባችው። አንቆኝ ነበር አለች፤ ዐይኔ ጨልሞብኝ ነበር አለች። ሽማግሌ ተላከ። እናቷ በኋላ እያለቀሱ እንደነገሩኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ደም ወጣሽ?» ብለው ጠየቋት። አልወጣኝም። «የተሰበረ ነገር አለ?» የለም። «እንግዲያው ልጄ ብስጭት ነው፣ ትዳር ውስጥ ያለ ነው።» ባልየው እግራቸው ላይ ወደቀ፣ አለቀሰ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም አለ። እሷ ደጋግማ «እፈራዋለሁ» አለች። መልሱ «ለልጆችሽ ስትይ» ነበር። ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ይዘዋት መጡ። እዚያው ቤት፣ ያንኑ አንገት ይዞ ገደላት።

ደም አልወጣም ብለው ነው እኮ የመለሷት! መታነቅ ብዙ ጊዜ ውጪው ላይ ምልክት አይተውም። የሚተወው ሌላ ነገር ነው፤ የሻከረ ድምፅ፣ ሲውጡ ሕመም፣ ዐይን ውስጥ የቋጠረ ደም። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ያየነው ሁሉ። ሐኪም ቢያያት ያውቀው ነበር። ታንቃ የተረፈች ሴት ከቀናት በኋላ እንኳ በዚያው ጉዳት ልትሞት ትችላለች፤ «ደህና ነኝ» ብትልም ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባት።

ይህ ደግሞ የተሰወረ ምስጢር አይደለም፣ ተጠንቷል። ጃክሊን ካምቤል የምትባል አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ በባሎቻቸውና በፍቅረኞቻቸው የተገደሉ ሴቶችን ታሪክ ወደ ኋላ እየመረመረች፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አደጋው ምን ያህል እንደቀረበ የሚለካ መጠይቅ አዘጋጀች። ዱላው እየከፋ መጥቷል? አንቆሽ ያውቃል? እገድልሻለሁ ብሎሻል? መሣሪያ አለው? በቅርቡ ጥለሽው ወጥተሽ ነበር? ይገድለኛል ብለሽ ታስቢያለሽ? እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ደግሞ ከሌሎች ተደብዳቢ ሴቶች ጋር ሲያነጻጽር ቀድሞ ታንቃ የምታውቅ ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። የመጨረሻዋን ጥያቄ እዩልኝ። የሴትየዋ ፍርሃት ራሱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። እኛ ግን «እፈራዋለሁ» ስትል ሴትነት ነው አልን።

ሌላም ነገር አለ። እነዚሁ ጥናቶች ሴቲቱ ጥላ የወጣችበት ሰሞን ከሁሉም የከፋ ነው ይላሉ፤ በተለይ ሰውየው ልቆጣጠራት የሚል ከሆነ። እኛ ሽማግሌ የምንልከው መቼ ነው? ልክ በዚያ ሰሞን። ዓላማችንስ? መመለስ።

ሽምግልናን አልጠላም። ድንበር የተጋፉ፣ ገንዘብ የተካካዱ፣ ደም የተቃቡ ሰዎች የታረቁበት ትልቅ ሀብታችን ነው። አንዷ ሌላውን በምትፈራበት ቤት ግን እርቅ ብላችሁ የምትሠሩት ሥራ ማስረከብ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛና አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ጥቃት ወንጀል ነው ብሎ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ ተቀምጧል። አንገት ማነቅ በምርቃት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

«የእናንተ ሰፈር ነገር ነው» የምትሉም አትጠፉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ያስጠናውን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያወጣ ከተጠኑት 15 ቦታዎች ከፍተኛውን ቁጥር ያስመዘገበው የኛው ቡታጅራ አካባቢ ነበር። ትዳር ወይም የትዳር ያህል ግንኙነት ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በዘመናቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት፣ ወይም ሁለቱም፣ ከባል ወይም ከጓደኛ ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት አለ ብለዋል፤ ወጥ አሳረረች፣ ሳትነግረው ወጣች፣ ተከራከረችው፣ ልጆቹን ዘነጋች፣ እምቢ አለችው። ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ይህ ያስለቅሰኛል። ዱላውን ከመቺው በላይ ተመቺዋ አምናበት አድጋለች። ማን አሳመናት? «ቻይው» ያልናት እኛ እናቶች፣ እህቶች፣ የንስሐ አባቶች፣ ጎረቤቶች ነን። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ለማንም አልተናገሩም። ለማን ይናገሩ? የእኛዋስ ተናግራ የለም?

እባካችሁ፣ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትጠሩ ሴቲቱን ብቻዋን አናግሯት። ባሏ ሳይኖር፣ አማቷ ሳይኖሩ። አንቆሽ ያውቃል ወይ በሏት። አዎ ካለች መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ሕግ። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ለተጠቁ ሴቶች ሕክምናንና የፖሊስን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለው። የምትጠለልበት ለሌላት እነ ማሪያ ሙኒር ያቋቋሙት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር አለ። እናቷ ቤትም ከሄደች ተዉአት፤ ትቀመጥ። ጎረቤቶችም፣ ድምፅ ስትሰሙ በሩን አንኳኩ። ስኳር አበድሩኝ በሉ፣ ምንም በሉ። ብቻ አንኳኩ።

ደክሞኛል። ግን ያ 63 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 81 ነበር፤ ወርዷል። የሆነ ቦታ የሆነች እናት ለልጇ «ቻይው» ማለት ትታለች ማለት ነው።

በኛ እድር ሴቶቹ ተሰብስበን አንድ ሐሳብ አቅርበናል። ታነቅኩ ብላ የወጣች ሴት ሐኪም ሳያያት የእድሩ ሽማግሌ እርቅ እንዳይጀምር በመተዳደሪያ ደንቡ ይግባልን ነው ያልነው። የድንኳንና የወንበር ጥገና ሰዓቱን በላውና ሊቀመንበሩ ለሚቀጥለው ይደር አሉ። ጥቂት ወንዶች ግን ሲወጡ ቆም ብለው የመጠይቁን ጥያቄዎች በስልካቸው ፎቶ አነሱ። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና እናነሳዋለን፤ ከዘገየም በዚያኛው።