«ልክ ፎቶ ይመስላል!»

ሰሞኑን ያናደደኝ ስድብ አይደለም፤ አድናቆት ነው። የአንዲት ጀማሪ ሠዓሊ ዐውደ ርዕይ በዩኒቨርሲቲ ጋለሪ ተከፍቶ ነበር። ሥዕሎቹ በሙሉ ዘይት ቀለም፣ ሁሉም የሰው ምስል። እና የገባው ሁሉ ምን ይላል? «ውይ! ልክ ፎቶ ይመስላል!»

እንዲያውም አንዱ ስልኩን አውጥቶ የልጁን የምርቃት ፎቶ አሳያት። «ይቺን ልክ እንዳለች ትስይልኛለሽ? ትንሽ ቀጠን አድርገሻት።»
«ግማሹ ቀብድ ነው፣ ጋሼ» አለችው። ጎሽ!

ከሥዕሎቹ አንዱን፣ ምስር የምትለቅመዋን ሴት፣ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጉንጯ ሥር አረንጓዴ አለ። የትኛው ፎቶ ቤት ነው ጉንጫችሁን አረንጓዴ አድርጎ ብር የሚቀበላችሁ? ዓይኗ ከቅርብ ሲያዩት ዓይን አይደለም፤ የብሩሽ ጭረት ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ ግን ታፈጥባችኋለች።

ደግሞ ዘይት ቀለም ችኮላ አይወድም። ብዙውን ጊዜ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ ብሎ ይጠጥራል። አንዱ ንብር እስኪደርቅ ቀናት መጠበቅ አለ። በጣቱ ነካ አድርጎ «ደርቋል?» የሚል እንግዳም አለ።

ተልባ ካነሳሁ አይቀር፣ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለውን ተረት ነፍሴ ይወደዋል። ዐውደ ርዕይ ሲከፈት የተገኘ ሰው ይበልጥ ይወደዋል። ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ስለ ኮንዶሚኒየም የሚያወራው፣ ሰልፊ የሚነሳው፣ የክብር እንግዳ ተብሎ አርፍዶ መጥቶ ሥዕሎቹን ሳያይ ስለ ኪነ ጥበብ የሚደሰኩረው! ተልባው ሞልቷል። የጠፋው ሙቀጫው ነው።

አንድ ምግብ ቤትም አለ፣ በጾም ተልባ ፍትፍት አዝዤ ውሃ ያቀረበልኝ። ተልባው ተሳልሞት ያለፈ ውሃ። «ተልባውን የት አደረሳችሁት?» ስል አስተናጋጁ «ጋሼ፣ ተልባ ተወዷል» አለኝ። ሲወደድ ዋጋ ይጨመራል እንጂ ውሃ ይጨመራል እንዴ? እነሱማ ሁለቱንም ጨምረዋል! ይሄው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ምን ላይ ነበርን? አዎ፣ ፎቶ። ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት አዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ቸግሯት አይደለም። ፎቶውንማ አርመናውያኑ ፎቶ አንሺዎች ቦያጂያኖች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ይዘውት ነበር። የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታን «ጎልጎታ» የተሰኘ ሥዕል አይቶ ደግሞ ፎቶ ይመስላል የሚል ካለ፣ ፎቶ አንሺውን ያሳየኝ።

ታዲያ ምን እንበል ካላችሁ፣ ዝም በሉ። ዝም ማለት ካቃታችሁ ዋጋ ጠይቁ። ዋጋውን ስትሰሙ ግን «ለዚህ?» አትበሉ። ተልባ ተወዷል።