የመመረቂያ ፕሮጀክት ኮድ እስከ መጨረሻው ሴሚስተር ለምን ይጠብቃል?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሶፍትዌር ምህንድስናም ሆነ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን የሚሠሩበት የተለመደ መርሐ ግብር አለ። አራት ወይም አምስት ሆነው ይቧደናሉ፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ፕሮፖዛል፣ የፍላጎት ትንተናና የዲዛይን ሰነድ ያዘጋጃሉ፤ በሁለተኛው ኮድ ይጽፋሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ያስጠርዛሉ፣ ሥራቸውን በፈታኞች ፊት ለሚያስረዱበት ዲፌንስ ይቀርባሉ። ይህ አካሄድ ለማረምና ለመቆጣጠር ይመቻል። ለቡድን ሥራ ግን መጥፎ ዕቅድ ነው፤ አስቸጋሪውን ነገር ሁሉ ጊዜ ወዳለቀበት ወቅት ይገፋዋልና።

በመጀመሪያው ሴሚስተር የተሣለ ዩዝ ኬዝ ዳያግራም (ተጠቃሚው በሥርዓቱ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሥዕል) ስህተት ቢኖርበት ማንንም አያስቸግርም። ስህተቱ የሚወጣው አንዱ ተማሪ የሠራው የመመዝገቢያ ገጽ ሌላው ከሠራው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ጋር ሲገናኝ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዲፌንስ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ስለተጨመረ፣ ተማሪው ኮዱን ማስተካከል በሚገባው ሰዓት የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርቱን ለመከለስ ይገደዳል።

እንዲህ ከሰነድ ወደ ዲዛይን፣ ከዲዛይን ወደ ኮድ ደረጃ በደረጃ የሚወርደው አሠራር («ዋተርፎል») ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሶፍትዌር ባለሙያው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ሮይስ ደረጃዎቹን የሚያሳየውን ሥዕል አስቀምጦ አላቆመም። ሥራውን በዚያ መልኩ ብቻ መተግበር አደገኛና ለውድቀት የሚጋብዝ መሆኑን ጽፏል፤ ሥርዓቱ አዲስ ከሆነም አስቀድሞ በአነስተኛ መጠን ተሠርቶ እንዲታይና ለተገልጋዩ የሚደርሰው ለሁለተኛ ጊዜ የተሠራው እንዲሆን መክሯል። በየክፍሉ በስላይድ ሲዞር የኖረው ሥዕሉ ነው፤ ምክሩ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ቡድን ለጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል የታካሚ መመዝገቢያ ለመሥራት አቀደ እንበል። ከውጭ በተወሰደ ናሙና ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው ቅጽ የታካሚውን ስም፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ቀን ይጠይቃል። ካርድ ክፍል ውስጥ ግን ታካሚ የሚመዘገበው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ብዙዎች ዕድሜያቸውን በግምት እንጂ የተወለዱበትን ቀን አይናገሩም። ቀጠሮው ጳጉሜን 3 ላይ ቢውል አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቀው ቅጽ አይቀበለውም። «ሦስት ሰዓት ይምጡ» የተባለ ሰው ጠዋት እንደሚመጣ ሠራተኛዋ ታውቃለች፤ ፕሮግራሙ አያውቅም። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ አዲስ ካርድ ይወጣለትና የቀድሞ የሕክምና ታሪኩ ሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል። እነዚህን ነገሮች ወፍራም ሰነድ በማዘጋጀት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ያላለቀውን ገጽ ፊት ተቀምጣ ለግማሽ ቀን ብትሞክረው ግን አብዛኞቹ በዚያው ይወጣሉ።

ስለዚህ ዕቅዱ በቀጭኑ ቢጀምር እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ወር አንድ ታካሚ ተመዝግቦ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ፣ ተፈልጎ ይገኝ፤ ይኸው ብቻ ይበቃል። ገጹ ቢያስቀይምም ግድ የለም፤ ነገር ግን በአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ሳይሆን ሁሉም የቡድኑ አባላት ሊያዩት በሚችሉበት ሰርቨር (የጋራ ኮምፒውተር) ላይ ይሥራ። ቀጠሮው፣ ሪፖርቱና ክፍያው በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ክፍያን የመሰለ ከሌላ ድርጅት ፈቃድና ስምምነት የሚጠይቅ ክፍል ካለ ጥያቄው በመጀመሪያው ሳምንት ይቅረብ፤ አለዚያ ከዕቅዱ ይውጣ።

የሥራ ክፍፍሉም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። እንደምናውቀው ኮድ የሚችለው አንዱ ሌሊቱን ሲጽፍ ያድራል፤ ሌሎቹ «ዶክመንት» ይይዛሉ፤ የቀረው ማተሚያ ቤት ይላካል። ኮድ የሚጽፈው ልጅ ቢታመም ፕሮጀክቱም አብሮት ይተኛል። ከኮዱ ርቀው የቆዩትን በመጨረሻው ወር ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስገነዘበው፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። አምስቱም ኮዱ ላይ ቢገቡ እርስ በርስ መግባባት ያለባቸው ጥንዶች 10 ይሆናሉና። ከዚህ ይልቅ እያንዳንዱ አባል አንድ አገልግሎት ከገጹ እስከ ዳታቤዙ ቢረከብ፣ ሥራውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጊት (ማን የትኛውን ኮድ መቼ እንደለወጠ በሚመዘግብ መሣሪያ) ቢቀመጥ፣ ማን ምን እንደሠራ አማካሪው መጠየቅ ሳያስፈልገው ያየዋል። ጊት ሁልጊዜ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መስመር ሲቋረጥ በራስ ማሽን ላይ መዝግቦ በኋላ መላክ ይቻላል፤ ይህ ለእኛ ግቢዎች ቀላል ጥቅም አይደለም። የኮሚት (በጊት የተመዘገበ ለውጥ) ቁጥርን ለነጥብ መስጫ ማድረግ ግን አልደግፍም፤ በሳምንት ውስጥ ባዶ ኮሚት የሚያመርት አይጠፋም። በዲፌንስ ዕለት አንዱ የሌላውን ክፍል ከፍቶ ትንሽ ለውጥ እንዲያደርግ መጠየቅ የተሻለ ይለያል።

ሰነድ ተማሪውን ሳያስብ ወደ ኮድ ከመሮጥ ይገታዋል የሚሉ መምህራን አሉ፤ አባባላቸውም ሐቅ አለው። ይሁን እንጂ የሚሠራ ነገር ካየ በኋላ የሚጻፍ ሰነድ ያጥራል፣ ይጠራልም። ብዙ ቡድኖችን ለሚያማክር መምህርም ቢሆን አሥር ደቂቃ ዴሞ (ፕሮግራሙ ሲሠራ) ማየት ወፍራም ጥራዝ ከማገላበጥ ይቀላል። የትምህርት ክፍሎች የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት ግማሽ ለሚሠራ ነገርና ከተገልጋዩ ፊት ለተደረገ ሙከራ ቢመድቡት፣ ተማሪዎቹ ዕቅዳቸውን ማንም ሳያስገድዳቸው ይቀይራሉ፤ ተማሪ የሚያቅደው ነጥብ ባለበት አቅጣጫ ነውና።