ማስተካከያ፦ የአኪለስ ጅማት ሕመምና ተረከዝን የማውረድ ልምምድ

ለሯጮች ባወጣነው መመሪያ ስለ አኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር ስለሚያያይዘው ጅማት) «የአኪለስ ጅማት የሚያመው ሁሉ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዙን ከደረጃው በታች ያውርድ» የተባለው እንደሚከተለው ይስተካከል።

ይህ ልምምድ የሚሠራው ሕመሙ ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲሰማ ነው። በጤነኛው እግር ተነስቶ በታመመው ቀስ ብሎ መውረድ፤ ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ታጥፎ 15 ጊዜ በ3 ዙር፤ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት።

ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ደረጃው ይቅር። ተረከዝ ከጣቶች በታች ሲወርድ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ተጭኖ ሕመሙን ያባብሳል። ልምምዱ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይሠራ፤ ተረከዝ ወለሉን ሲነካ ይብቃ። ባትን ማሳሳብም (ብዙ ሯጭ እሺ ባይልም) በዚሁ ምክንያት ለጊዜው ይቆይ።