ይድረስ ሌሊት ሌሊት ባትሪዬን ለሚመጥጡት ክቡር እንግዳ

ቁጥር፦ 11.9 ቮልት (ዛሬ ጠዋት የተለካ)
ቦታ፦ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ
ጉዳዩ፦ ባትሪ መምጠጥ እንዲያቆሙ ስለመጠየቅ ይሆናል

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደህና አድርጌ ያቆምኳት ዲኤክስ መኪናዬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁልፍ ስጠመዝዝ «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች። ጠቅ። ደግሞ ጠቅ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት የሻማ ጭላንጭል መስላ ትደበዝዛለች። ስምዎን ስለማላውቅ «እንግዳ» ብያለሁ። የእኛ አገር እንግዳ ግን ቡና ይጠጣል እንጂ ባትሪ አይጠጣም።

የሰፈሩ ጎረምሶች የእኔን «ጠቅ» እንደ ደወል ለምደውታል። ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ «አብሽር ጋሼ!» እያሉ ይመጣሉ። ደሴ ቁልቁለት አያሳጣህምና ትንሽ ገፋ ሲያደርጓት፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ተንገጫግጫ ትነሳለች። አውቶማቲክ ብትሆን ኖሮ ይህም የለም፤ ኮፈን ከፍቶ ካቦ የሚያውስ ደግ ሰው መጠበቅ ነበር።

እርስዎን ፍለጋ ያልተጠረጠረ የለም። አንዱ «የደሴ ብርድ ነው» አለ፣ ሌላው «አሲድ ጨምርበት» አለ (እንዳትሰሙት፤ ውሃው የጎደለ ባትሪ የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውሃ ነው)፣ ሦስተኛው ደግሞ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ሻይ እየጠጣ «ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ዲናሞውን አስለካሁት። ሞተር ተነስቶ 14.2 ቮልት፤ ጤነኛ ነው። ሰው በሐሜት እንዲህ ይገደላል።

ብርዱንም ቢሆን ነፃ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሥራ ኮምቦልቻ ወርጄ አደርኩ። በሐረጎ ስትወርድ ጃኬትህን የምታወልቅበት አገር ነው፣ ብርድ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠዋት? ጠቅ። ያውም ያቆምኩት ሜዳ ላይ ነው፣ አራት ሰው ገፍቶ ላብ በላብ ሆነ። ለካ ብርድ የባትሪን ጉልበት ያደክማል እንጂ በአንድ ሌሊት ተቀምጦ አይጠጣውም።

ከዚያ የሰው ምክር ሰምቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ 45 አምፔር ሰዓት። ሙሉ ሆኖ 12.6 ቮልት ይላል። ደስ አለኝ፣ ለሁለት ቀን። በሦስተኛው ጠዋት የቀድሞ ሙዚቃዬ ተመለሰልኝ።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው።

ዛሬ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ተዋስኩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ፣ አንዱን ጫፍ ከካቦው፣ ሌላውን ከባትሪው ራስ አገናኘሁ፤ ከባትሪው የሚወጣው ሁሉ በቴስተሩ በኩል እንዲያልፍ። ቀዩን ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ምን ነካኝ፣ «እስኪ ትነሳ እንደሆነ» ብዬ ቁልፍ ጠመዘዝኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ነው የሚጠይቀው። በመርፌ ቀዳዳ ግመል ላሾልክ ሞከርኩ ማለት ነው። የቴስተሩ ፊውዝ ነፍሱን ይማር፤ ባለቤቱም እስካሁን አላናገረኝም።

ፊውዝ ቀይሬ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ የጣሪያው መብራት እንዳይቆጥርብኝ የበሩን ማብሪያ በፕላስተር ተጭኜ እንደገና ለካሁ። 2.3 አምፔር! ቆማ የተኛች መኪና ለሰዓትና ለመሳሰለው ከ0.05 ባይበልጥባት ነው ደጉ። 2.3ን ከማታ 1 እስከ ጠዋት 12 ባሉት 11 ሰዓታት አባዙት፣ 25 አምፔር ሰዓት ያህል ነው፤ የባትሪው ግማሽ ከነምናምኑ። ከቤት ፒያሳ በምመላለስባት አጭር መንገድ ዲናሞው ይህን መልሶ አይሞላም።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የጡሩንባ፣ 2.3። የመብራት፣ 2.3። የቴፕ፣ 2.3። ሳጥኑን ባዶ አስቀረሁት፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ተስፋ ቆርጬ ወንበሩ ሥር የወደቀ ፊውዝ ፍለጋ እጄን ስሰድድ አንድ ነገር ነካሁ። መኪናው በረዶ ነው፣ ብረቱ ሁሉ ያንዘፈዝፋል። እሱ ግን ይሞቃል። ልክ አሁን ከምድጃ እንደወረደ ጀበና።

አምፕሊፋየር!

ከዚህ በኋላ አንተ ልበልህ። የዘመድ ሰርግ ላይ አጃቢ መኪና ነሽ ስትባል «ድምፅ ይኑራት» ብዬ ያስገባሁህ እኔው ነኝ። የገጠመህ ልጅም ቸኩሎ የማስነሻ ገመድህን ከቴፑ ጋር በማገናኘት ፈንታ በቀጥታ ከባትሪው መስመር ሰጠህ፣ የራስህም ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ስለሆነ ከሳጥኑ ብትፈለግ አትገኝም። ቴፑ ይጠፋል፣ እኔ እተኛለሁ፣ አንተ ግን ለማንም የማይሰማ ዘፈን ተሸክመህ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ። ፊውዝህን ስነቅለው 2.3 የነበረው 0.02 ሆነ።

አላባርርህም፣ ዋጋህን አውቀዋለሁና። ገመድህን ከቴፑ ሰማያዊ ገመድ ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ቴፑ ሲተኛ ትተኛለህ።

ከሰላምታ ጋር
የዲኤክሷ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለዲናሞው፣ ስሙ ያለ አግባብ ስለጠፋ።
ለአሮጌው ባትሪ፣ ጥፋተኛ እንዳልነበረ አሁን ስለታወቀ (በኪሎ ሸጬዋለሁ፤ ደጋግሞ ባዶ የቀረ ባትሪ እንደ ድሮው አይሆንም ብዬ እጽናናለሁ)።
ለሰፈሩ ጎረምሶች፣ ነገ ጠዋት መተኛት እንደሚችሉ እንዲያውቁት።