በንግሥት ፊት ሸማ እንዴት ይለበሳል?

ለንደን ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የዚህ አገር ሰዎች ስለ ነገሥታቶቻቸው የሚሠሯቸውን ፊልሞች ማየት እወዳለሁ። ቀሚሱ፣ የሻማው ብርሃን፣ የደረጃው ርዝመት፣ በር ከፋቹ ከበሩ ጎን ቆሞ ከግድግዳው ጋር አንድ መምሰሉ ይማርከኛል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ልቤ ሁልጊዜ አገር ቤት ይሄዳል። የእኛን ቤተ መንግሥት በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የሚያሳየን ማን ነው እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ሰሞኑን ደግሜ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ዘ ፌቮሪት» የተሰኘ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1702 እስከ 1714 በእንግሊዝ ስለ ነገሠችው ንግሥት አን እና በእሷ ፊት ሞገስ ለማግኘት ስለሚሻሙ ሁለት ሴቶች ይተርካል። አንደኛዋ የማርልቦሮው መስፍን ሚስት ሣራ ቸርችል ናት። ሁለተኛዋ የሣራ ዘመድ አቢጌይል ስትሆን፣ በፊልሙ ከወጥ ቤት ተነሥታ እስከ ንግሥቲቱ መኝታ ቤት ትደርሳለች።

ፊልሙ ታሪኩን እንደ ወረደ አይተርክም። የንግሥቲቱ ባል የዴንማርኩ ልዑል ጆርጅ እስከ 1708 በሕይወት ነበር፤ እዚህ ግን ጥላው እንኳ አይታይም። የወጥ ቤት ሠራተኞቹ የለበሱት ልብስ ከአሮጌ ጂንስ የተሰፋ ነው። በአዳራሹ የሚጨፈረው ጭፈራም በዚያ ዘመን ማንም ያልጨፈረው ነው። በመኝታ ቤቷ የሚርመሰመሱት 17 ጥንቸሎችም ፈጠራ ናቸው። ንግሥቲቱ ግን በእርግጥ 17 ጊዜ አርግዛለች። ከእነዚያ ሁሉ ለአካለ መጠን የደረሰ አንድም ልጅ አልነበራትም፤ ከሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖረው ልዑል ዊሊያም በ1700 ሲሞት ገና 11 ዓመቱ ነበር። ጥንቸሎቹ ውሸት ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን እውነት ነው። ይህን ያወቅሁት ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ካየሁ በኋላ ነው፤ ስደግመው ጥንቸሎቹ በታዩ ቁጥር እንባ ተናነቀኝ።

የእግሯ ሕመምም እውነት ነው። ዘውድ በጫነችበት ቀን መራመድ ስላቃታት ሰዎች በወንበር ተሸክመው ነበር ወደ ሥርዓቱ ያደረሷት። እሷና ሣራ በመካከላቸው የማዕረግ ልዩነት እንዳይኖር ብለው በደብዳቤ ሚስስ ሞርሊ እና ሚስስ ፍሪማን እየተባባሉ ይጻጻፉ የነበረውም እውነት ነው። እንግዲህ ደራሲዎቹ ልብሱንና ጭፈራውን እንደ ፈለጉ ሲያደርጉ የሴትየዋን ሐዘን፣ ሕመምና ብቸኝነት ግን አልነኩም። የታሪክ ፊልም የት መዋሸት እንደሚችልና የት እንደማይችል ከዚህ በላይ ያሳየኝ የለም።

ስለ ትወናው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከአንድ ትዕይንት መላቀቅ አልቻልኩም። ሣራ በአዳራሹ መካከል ስትጨፍር ካሜራው እሷን ትቶ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችውን ንግሥት ፊት ይይዛል። ንግሥቲቱን የምትጫወተው ኦሊቪያ ኮልማን ናት። መጀመሪያ ደስ ይላታል። ቀጥሎ ፈገግታው ከንፈሯ ላይ እንዳለ ዓይኗ ይጠፋል። ያ መጨፈር የማይችል እግር ትዝ አላት ማለት ነው። ከዚያ አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻም ቁጣዋ ይፈነዳል። እስኪፈነዳ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሴትየዋ በ2019 ኦስካር ስትሸለም አልገረመኝም።

ሌላም ቦታ አለ። በሩ አጠገብ የቆመውን ልጅ እግር አሽከር «አየኸኝ?» ብላ ትቆጣዋለች። ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ ቢተክል «እየኝ!» ትለዋለች፤ ቀና ሲል ደግሞ እንዴት ደፍረህ ታየኛለህ ብላ ትጮኽበታለች። ቤተ መንግሥት ማለት ዓይን የት እንደሚያርፍ የሚወስን ቤት መሆኑን ያ ልጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አስተማረኝ።

ፊልሙ የተቀረጸበት ሃትፊልድ ሃውስ ከለንደን በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ንግሥት አን የኖረችበት ቤት ባይሆንም ሄጄ አየሁት። ጥቁርና ነጭ እብነ በረድ የተነጠፈበትን አዳራሽ ስረግጥ አጠገቤ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ያስጎበኟቸው ነበር። እነዚህ ልጆች ነገ ፊልሙን ቢያዩ ጥንቸሎቹ ፈጠራ መሆናቸውን የሚነግራቸው አያጡም። ቤቱ ቆሟል፤ ደብዳቤዎቹ ታትመዋል። ሣራ ከቤተ መንግሥት ከተባረረች ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1742፣ የራሷን ወገን የያዘ መጽሐፍ አሳትማለች። ንግሥት አን ደካማና በሰው የምትመራ ተደርጋ ለረጅም ዘመን መታሰቧ ከዚያች የተጣላቻት ወዳጇ ብዕር የመጣ ነው፤ ኋላ የታሪክ ምሁራን መዝገብ አገላብጠው አርመውታል። የእንግሊዝ ፊልም ሠሪ በንግሥቲቱ ታሪክ ላይ ሲጫወት የተነጠፈ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው የሚጫወተው።

አገር ቤት ለዕረፍት በሄድኩበት ጊዜ ዘመዶቼ ቤት አንድ የታሪክ ድራማ አየሁ። ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፤ የለፉበት ሰዎች አሉ። ንግሥቲቱ የለበሱት ቀሚስ ጥበቡ በመኪና የተሠራ፣ የሚያብለጨልጭ ክር የበዛበት፣ የዘንድሮ ሠርግ ልብስ ነበር። መኳንንቱ በፊታቸው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ እንደ ስብሰባ ተሳታፊ ይከራከራሉ። አጋፋሪው እንግዳ ማስገባት ሲገባው ጦር ይዞ ቆሟል። ሁሉም ይጮኻሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ግን «የዱሮ ሰዎች እንደዚህ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ለእሷ ያ ድራማ በታሪክ ላይ የተጫወተ ድራማ አልነበረም፤ ታሪኩ ራሱ ነበር። ሄዳ የምታመሳክርበት ሌላ ነገር በእጇ የለም።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም። ሸማን አደግድጎ ለመልበስና እንዲሁ ጣል ለማድረግ የሚያስፈልገው ጨርቅ ያው አንድ ነው። የእኛ ቤተ መንግሥት ትልቁ ቋንቋ ሸማ ነበር። ሰው ከበላይ ፊት ሲቀርብ ያደገድጋል፤ ሲያዝን ሌላ ዓይነት ይለብሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀልያ ያጣፋል። አለባበሱን ብቻ አይቶ ማን ከማን በታች እንደሆነ ማወቅ ይቻል ነበር። ማዕረጉም እንዲሁ ነው። እልፍኝ አስከልካዩ የእልፍኙን በር ይጠብቃል፣ አጋፋሪው ያስገባል ያስወጣል፣ በጅሮንዱ ግምጃ ቤቱን ይይዛል፣ ጸሐፌ ትእዛዙ የንጉሡን ቃል ይጽፋል፣ ማኅተሙም በእሱ እጅ ነው። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በሚለው መጽሐፋቸው ስለዚህ ሁሉ ሰብስበው ትተውልናል። የምኒልክ ግቢ የግብር አዳራሽም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድነት ፓርክ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። የጎደለው ገልጦ የሚያነብ፣ ሄዶ የሚያይ ነው።

ንግሥት አንን ባየሁ ቁጥር የሚታዩኝ ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሲጭኑ ዋጋው ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ መለየት ነበር። እሳቸውም ልጅ አልጸናላቸውም። በእሳቸውም ዙሪያ ሁለት ወገን ነበር፤ ሥልጣኑ ግን እያደር ወደ አልጋ ወራሹ ወደ ራስ ተፈሪ ሄደ። እሳቸውም በብዙ ጽሑፍ ጾመኛና ደካማ ተብለው በአንድ መስመር ታልፈዋል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም በተባለ ስፍራ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ። እስቲ በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ካሜራው የት እንደሚቆም አስቡ! በዘመቻው አውሮፕላን ነበረ፤ ያን ማሳየት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። እኔ ግን እልፍኙ ይበቃኛል። አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ በሩ አጠገብ የቆሙት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ያንን ፊት የምትሸከም ተዋናይት አገር ቤት አለች ብዬ አምናለሁ። የመድረክ ሰዎቻችን ግጥም በጎላ ድምፅ ማሰማት የተካኑ ናቸው፤ ሕዝቡም ያንን ወዶላቸዋል። ካሜራ ግን አገጭ ሲንቀጠቀጥ ያያል። ዝም እንድትል የሚፈቅድላት አዘጋጅ ያስፈልጋታል።

በዚህ ከተማ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ልጅ ሳሉ በጃንሆይ ጊዜ ግቢ ይገቡ ነበር። ስለ ድራማው ስነግራቸው ቡናውን ትተው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና ትከሻዬ ላይ አደረጉት። ከዚያ በብብቴ ሥር አዙረው ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

«አሁን እጅ ንሺ» አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ዓይኔ ዓይናቸው ላይ አረፈ።

«አይ ልጄ» አሉና በሁለት ጣታቸው አገጬን ቀስ አድርገው ወደ ታች መለሱት። «እግራቸውን ነው የምታዪ። እሳቸው ሲናገሩም እግራቸውን። እንደገና።»

እንደገና ጎንበስ አልኩ።