ከጠበል መልስ የት ይግባ?

ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው። መኪና የሌላቸውን ታካሚዎች ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት አደርሳለሁ። ሂሳቡን የሚከፍለው ሜዲኬይድ የሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን ነው። በዚህ ሥራ የተሰማራ ሐበሻ ብዙ ነው። ከተሳፋሪዎቼ አንዳንዶቹ ኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ናቸው፤ ሌሎቹ የሱስ ሕክምና ተመላላሾች ናቸው። ሁለተኛዎቹን ባሳፈርኩ ቁጥር ሐሳቤ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል።

እዚህ አገር ከመጠጥ ወይም ከዕፅ ለመላቀቅ ሁሉም ሰው አልጋ ይዞ አይተኛም። ጠንከር ያለው የተመላላሽ ሕክምና በሳምንት ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ነው። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ሽንታቸው ይመረመራል። ለመጠጥ ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ አምሮቱን በረድ ያደርጋል። ከዚያ ሰውየው ወደ ሥራው ይሄዳል። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። እኔን የገረመኝ ግን ሕክምናው ሳይሆን ከሕክምናው በኋላ የማወርዳቸው ቦታ ነው።

ብዙዎቹን የማወርደው የገዛ ቤታቸው አይደለም። እንደነሱው ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች በጋራ የተከራዩት ቤት ነው። አንዴ ተሳፋሪዬ ዕቃውን እንዳግዘው ጠይቆኝ ገባሁ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ወተት ሁሉ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበታል። ግድግዳው ላይ የሽንት ቤት አጠባ ተራ ተሰቅሏል፤ የማን ቀን እንዳለፈ በቀይ ተሰምሮበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐኪም የለ፣ ነርስ የለ።

ከእነዚህ ቤቶች በጣም የታወቀው ኦክስፎርድ ሃውስ የሚባለው ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 እኛው ሐበሾች በምንርመሰመስባት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአካባቢው መስተዳድር የማገገሚያ ቤቱን ሊዘጋ ሲል ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተከራዩት። ደንቡ አጭር ነው። ቤቱን በድምፅ ያስተዳድራሉ። ኪራዩን ይካፈላሉ። የጠጣ ወይም ዕፅ የወሰደ ይወጣል። ደንቡን እስካከበረ ድረስ ግን ይህን ያህል ወር ቆይተሃልና ውጣ የሚለው የለም።

ይሄ የኛው ማኅበር ነው እኮ! ሙሴ አለው፣ ተራ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ልዩነቱ የኛ ማኅበር ላይ ጠላና አረቄ መዞሩ ነው።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ጎጃም ሄጄ የአክስቴን ልጅ አገኘሁት። መለኪያ የጀመረው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ወርዶ ሁለት ሱባኤ ጠበሉን ተጠምቆ ተመልሷል። ፊቱ ጠርቷል፣ እህል ይበላል። ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ሲያወራኝ ግን ደነገጥኩ። እጁ ተንቀጥቅጧል፣ የሌለ ነገር አይቷል፣ ጮኋል። አጠገቡ የነበሩት «ሊለቀው ነው» ብለው ደስ አላቸው። በየቀኑ በኃይል የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን እንዲህ ይሆናል፤ ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊገድለውም ይችላል። እዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ተመላላሹ ከመላካቸው በፊት ጥቂት ቀን አስተኝተው እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያና ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጡታል። ይሄ አገራችንም ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ጠበሉን ይተው ማለቴም አይደለም። በኤች አይ ቪው ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለመጠጥ ሲሆን ምን ከለከለን?

ጠበሉ ሥራውን ሠርቷል እንበል። ከዚያስ? የአክስቴ ልጅ የተመለሰው አረቄ ወደሚወጣበት ግቢ ነው። ጓሮ ጉልቻ ላይ ማሰሮው ተጥዷል፣ አፉ ተመርጓል። እንፋሎቱ በመቃ በኩል ውኃ ውስጥ ወደተነከረው ዕቃ ይወርዳል። የዳጉሳው ድፍድፍ ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። አክስቴ የመጀመሪያዋን ጠብታ በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች። ልጁ የሚተኛው ከግድግዳው ማዶ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ ከልክሏል፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያውንም አስቀርቷል። አክስቴ ዘንድ ግን መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

«እትዬ፣ ለሱ ስትይ ብትተዪውስ?» አልኳት።

«አንተን አዲስ አበባ የላከህ ምን ሆነና?» አለችኝ። መልስ የለኝም። እውነቷን ነው፤ የአውቶቡሱም የደብተሩም ገንዘብ ከዚያ ማሰሮ ነው የወጣው።

ለዚህ ነው ጎጃም ላይ የጎደለን ሐኪም ብቻ አይደለም የምለው። በርግጥ ሐኪምም ያንሳል፤ በሱስ ስሙ የሚነሳው፣ አዲስ አበባ ያለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የባሰው ግን ከጠበል ወይም ከሆስፒታል የወጣ ሰው ከመለኪያ ርቆ ጥቂት ወር የሚያድርበት ጣሪያ አለመኖሩ ነው። የጫቱም ነገር ያው ነው። ባሕር ዳር ቅሞ ማታ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ የሚወጣ ልጅ ልተው ቢል፣ የሚመለሰው እዚያው ጓደኞቹ ክፍል ነው።

አሜሪካን እያሞካሸሁ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሪዞና ውስጥ የማገገሚያ ቤት ነን የሚሉ ነጋዴዎች የአገሬውን ነባር ሕዝቦች በቫን እየለቀሙ፣ ያልሰጡትን ሕክምና መንግሥትን ሲያስከፍሉ ተደርሶባቸዋል። ቫን ነጂ ነኝና ያ ዜና ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። ደግሞ እዚህ ሰው ከቤቱ ሲባረር ሻንጣው መንገድ ዳር ነው። የሚፈልገው ዘመድ የለም። እኛ ጋ እናት በር አትዘጋም። ግን በሩን ከፍታ የምታስገባው አረቄው ወዳለበት ነው፤ እኔ በበኩሌ የሻንጣውን ደንብ እመርጣለሁ።

እናም ከአክስቴ ልጅ ጋር ጠበል ላይ የተዋወቁ ሁለት ልጆች ነበሩና ለሦስቱ ቤት ፍለጋ ወጣን። የመጀመሪያውን ኪራይ እኔ እችላለሁ አልኩ። አከራዩ እስኪሰማ ድረስ ደህና ነበር። ሰካራም እንደነበሩ ሲሰማ «ለወንደላጤ አላከራይም» ብሎ አረፈው። ይሄ እንኳ የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዋሽንግተን ግዛት ያለችው የኤድመንድስ ከተማ ኦክስፎርድ ሃውስን ከሰፈር ለማስወጣት ስትሟገት ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፍርድ ቤቱ የከተማዋን መከራከሪያ አልተቀበለም። የኛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የልጆቹ የንስሐ አባት ሆኑ። ዋስ ሆነው ሌላ ቤት አስገኙ።

ገብተን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥንና ደንቡን ነገርኳቸው። ኪራይ መካፈሉ ላይ ተስማሙ። የጽዳት ተራው ላይ ትንሽ ተጉረመረሙ። የቀመሰ በዕለቱ ይወጣል የሚለው ላይ ስደርስ ግን አንደኛው እጁን አነሳ።

«ለፋሲካስ?»

እኔ ሳልመልስ ቄሱ ቀደሙኝ። «ለፋሲካም» አሉ።