ማስተካከያ፦ ስለ ቡድሂስት መነኮሳይያት የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት «ቡድሃ ሴቶች እንዳይመነኩሱ ከልክሏል፤ ዛሬም መነኮሳይያት የሏቸውም» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ «ግማሹን ታሪክ ቆርጠህ ጣልከው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሃፓጃፓቲ ጎታሚ የቡድሃ አክስት ናት፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። (እናቱ ናት ያልኩትም ስህተት ነው።) ልመንኩስ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። ሦስቴም እንቢ አላት። እኔ ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው። እሷ ግን ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር በእግሯ ቬሳሊ ከተማ ድረስ ተከተለችው። በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ እግሯ አብጦ፣ ገላዋ አቧራ ለብሶ ነበር። ደቀ መዝሙሩ አናንዳ አይቷት ገባና «ሴት ብትመነኩስ ኒርቫና (ከስቃይና ደጋግሞ ከመወለድ ነፃ መውጣት) ላይ መድረስ ትችላለች?» ብሎ ጠየቀ። ቡድሃ «ትችላለች» አለ፤ ፈቀደም።

ፈቃዱ ግን ስምንት ከባድ ደንቦች አሉት። በአንዱ መሠረት መቶ ዓመት የቆየች መነኩሲት እንኳ ዛሬ ለመነኮሰ ወንድ ተነስታ እጅ ትነሳለች። እማሆይን ተነስተን ለምንቀበል ሰዎች ይሄ ይከብዳል። ደንቦቹ በኋላ የተጨመሩ ናቸው የሚሉ ምሁራንም አሉ።

ዛሬም ቢሆን በታይዋን፣ በኮሪያና በቬትናም መነኮሳይያት አሉ። በስሪላንካ ለዘመናት ተቋርጦ የነበረው ሥርዓት በ1996 እና በ1998 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ በተደረጉ ሥርዓተ ምንኩስናዎች ተመልሷል። በታይላንድ ግን መነኮሳት ሴቶችን እንዳያመነኩሱ በ1928 እ.ኤ.አ. የወጣው እገዳ አልተነሳም።